መጋዝ መስመር የሚስተው ለምንድን ነው?

በከተማችን በአዲስ አበባ፣ በየመንደሩ ከሚገኙት የእንጨት ሥራ ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የመጋዙን ጩኸት ሳይሰማ፣ የሰጋቱራውንም ሽታ ሳያሸት አያልፍም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ወደ ውስጥ ዘልቀን፣ ያ ጩኸት ከምን እንደሚመጣና ልብሳችንን የምንሰቅልበት ቁም ሣጥን በምን ዐይነት ጥንቃቄ እንደሚሠራ ተመልክተን አናውቅም። እኛም ብንሆን ችግር ገጥሞን እስክንገባ ድረስ ከነዚሁ ከማያውቁት ወገን ነበርን።

ችግራችን እንዲህ ነው። በወላጆቻችን ግቢ ቆሞ የነበረ አንድ ትልቅ ዋንዛ ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፋስ ወደቀ። አብዛኛው ለማገዶ ሲሄድ፣ ከግንዱ የተረፉት ውፍረታቸው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ጣውላዎች ብቻ ነበሩ። እነርሱም በጥላ ሥር ተደርድረው ከሦስት ክረምት በላይ ደረቁ። እናታችን «ከአባታችሁ ዛፍ ለዐይን የሚታይ አንድ ነገር ይቅር» ስላሉ፣ ለቁም ሣጥን በር እንዲሆኑ አሰብን። አሳባችንም እያንዳንዱ ጣውላ በውፍረቱ መካከል ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ እንዲከፈት ነበር፤ ይህ ሲሆን በግራ በኩል ያለው የእንጨት መልክ በቀኝ በኩል ካለው ጋር ፊት ለፊት እንደሚተያይ መስተዋት ይሆናል።

ጣውላዎቹን ተሸክመን ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድን። ባለቤቱ በዚያን ቀን አልነበሩም። ተቀጣሪው ወጣት «ይህ የደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ጣውላ ወደ መጋዙ ገፋው። እንዳለውም በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሰው። ነገር ግን ሁለቱ ግማሾች ሲለያዩ፣ በአንደኛው ጫፍ 24 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረት በሌላው ጫፍ 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ የተቆረጠው ፊት መካከሉ እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር። ወጣቱ ደንግጦ «ምን ላድርግ፤ መጋዙ መስመር ይስታል» አለን። የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል የቆመ ዛፍ ግማሹ በአንድ አፍታ ከሥራ ውጭ ሆነ።

በማግሥቱ ባለቤቱ ተመልሰው የተበላሸውን ጣውላ አገላብጠው ተመለከቱ። ወጣቱን አልተቈጡም። «ልጄ፣ መጋዝ መስመር አይስትም። የሚሄደው ባዘጋጀነው መንገድ ነው» ብለው ብቻ ተናገሩት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «ሁለተኛውን ጣውላ ነገ ጧት ይዘው ይምጡ፤ ነገር ግን መቁረጡን ብቻ ሳይሆን ማዘጋጀቱንም ቁጭ ብለው ይዩ» አሉን። እኛም ቁጭ ብለን አየን። ያየነውንም ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቀረብን።

ጥብጣብ መጋዝ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ባንድ ሶው የሚሉት መሣሪያ በአማርኛ ጥብጣብ መጋዝ ሊባል ይችላል። ሁለት መንኰራኩሮች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ትይዩ ሆነው ይቆማሉ። ጫፍና ጫፉ ተበይዶ እንደ ቀለበት የሆነ ስስ የብረት ጥብጣብ በሁለቱ ላይ ይጠመጠማል። በጥብጣቡ አንድ ጠርዝ ጥርሶች አሉ። ሞተሩ የታችኛውን መንኰራኩር ሲያዞር ጥብጣቡ ጠረጴዛውን አቋርጦ ሳያቋርጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ባለሙያውም እንጨቱን በጠረጴዛው ላይ እየገፋ ያስቆርጣል።

አሳቡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1809 ዓ. ም. ዊሊያም ኒውቤሪ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር ለዚሁ አሳብ የባለቤትነት መብት አገኘ። ነገር ግን በዚያን ዘመን የነበረው ብረት በመንኰራኩር ላይ ዘወትር ሲተጣጠፍ ይሰበር፣ ብየዳውም ይለቅ ስለ ነበር፣ አሳቡ ለአርባ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ቀረ። በ1846 ዓ. ም. አን ፖሊን ክሬፐን የተባለች ፈረንሳዊት ጥብጣቡ የሚበየድበትን አዲስ ዘዴ አቅርባ መብት ጠየቀች። ዘዴዋንም በፓሪስ የሚገኘው የፔረን ፋብሪካ ገዝቶ፣ ከተሻለ ብረት ጋር አዋሕዶ፣ ለሥራ የሚበቃ ጥብጣብ አወጣ። እንግዲህ ይህን መሣሪያ ከሕልም ወደ እውነት ያመጣው የመንኰራኩሩ ወይም የሞተሩ ጕዳይ ሳይሆን የጥብጣቡ ጥራት መሆኑን ልብ እንላለን። ዛሬም ቢሆን መሣሪያው የሚሻለውም የሚከፋውም በጥብጣቡ ነው።

ባለሙያዎች ይህን መጋዝ የሚወዱበት ምክንያት ስለ ቁጠባው ነው። ክብ መጋዝ በሚያልፍበት ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል፤ ጥብጣብ መጋዝ ግን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይበላል። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጣውላ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስስ ገበታዎች ለማውጣት ብንፈልግ፣ በክብ መጋዝ 5 ብቻ ሲወጡ በጥብጣብ መጋዝ 7 ይወጣሉ። በኋላ በመላጊያ ተልጎ የሚሄደውን ሳንጨምር ማለት ነው። ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ እንደ ልብ በማይገኙበት በዛሬው ጊዜ የሁለት ገበታ ልዩነት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው መጋዙ በቀጥታ ሲሄድ ነው። ጠማማ ከሄደ ከክብ መጋዝ የበለጠ እንጨት ያጠፋል፤ ይህንንም በራሳችን ጣውላ አይተነዋል።

አራቱ ጥፋቶች

ባለሙያው ሥራቸውን የጀመሩት የኤሌክትሪክ መሰኪያውን በመንቀል ነው። «ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፤ እጅህ ጥብጣቡ ላይ ሳለ ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላል» ብለው ለወጣቱ ነገሩት። ከዚያም የመንኰራኩሮቹን መሸፈኛ ከፍተው ትናንት የቈረጠውን ጥብጣብ አወጡና በብርሃን አዩት። እኛንም ጠርተው አራት ጥፋቶችን አሳዩን።

አንደኛ፣ ጥብጣቡ ለሥራው የሚስማማ አልነበረም። ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የወንበር ጀርባ በጥምዝ ለመቁረጥ ተብሎ የተገጠመ ነበር። ጠባብ ጥብጣብ ለጥምዝ ይሻላል፤ 6 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሬድየስ ያለውን ክብ ዞሮ ይቆርጣል። 12 ሚሊ ሜትር ያለው ግን ቢያንስ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለመዞር የሚቀለው ጥብጣብ ከመስመር ለመውጣትም ይቀለዋል። ስለዚህ ወፍራም ጣውላ ለመሰንጠቅ መሣሪያው የሚችለውን ያህል ሰፊ ጥብጣብ መግጠም ይገባል።

ሁለተኛ፣ ጥርሶቹ እጅግ የተቀራረቡ ነበሩ። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ የተቆረጠውን ሰጋቱራ ተሸክሞ የሚያወጣ ነው። 22 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው እንጨት ውስጥ እያንዳንዱ ጥርስ ብዙ ሰጋቱራ ይዞ መውጣት አለበት። ቦታው ጠባብ ከሆነ ይሞላል፤ ሲሞላ ጥብጣቡ ይግላል፣ መቁረጥም ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው አብዝቶ ሲገፋ ጥብጣቡ ወደ ጎን ይጎብጣል። የጣውላችን ፊት እንደ ቀስት የጎበጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ለእንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ኢንች ውስጥ 3 ጥርስ ብቻ ያለው ጥብጣብ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ወገን ያሉት ጥርሶች ደንዝዘዋል። የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጥቂት ያዘነበሉ ናቸው። ጥብጣቡ ምስማር ወይም ጠጣር ነገር ነክቶ የአንዱ ወገን ጥርሶች ከደነዘዙ፣ መጋዙ ስለታም ወደ ሆነው ወገን እየሳበ ይሄዳል። አንዱ እግሩ ያነከሰ በሬ እርሻውን ወደ ጎን እንደሚስበው ያለ ነው።

አራተኛ፣ ጥብጣቡ ላልቶ ነበር። ወጣቱም የለቀቀውን ጥብጣብ ቀጥ ለማድረግ ብሎ የጎን መያዣዎቹን አጥብቆ አስጠግቷቸው ነበር። ባለሙያው ይህን ሲያሳዩን «መያዣ ያዘነበለን ቤት እንደሚደግፍ ባላ አይደለም። ጥብጣቡ ያለ መያዣ ቀጥ ብሎ ካልሄደ፣ በመያዣ ቀጥ አይልም» አሉ።

አስተካክሎ የመግጠም ሥራ

ከዚህ በኋላ ሥራው በተራ ተከናወነ። ተራው ደግሞ የሚገለበጥ አይደለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ከፊቱ ባለው ላይ የተመሠረተ ነው።

አስቀድመው በመንኰራኩሮቹ ላስቲክ ላይ የተጋገረውን ሰጋቱራና ሙጫ በብሩሽ ጠረጉ። አንዲት ትንሽ የሙጫ ጉብታ ብትኖር ጥብጣቡ በዞረ ቊጥር ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም በእንጨቱ ፊት ላይ ይጻፋል። ቀጥለው ከጠረጴዛው በላይና በታች ያሉትን የጎን መያዣዎችና የጀርባውን ኩሽኔታ ሁሉ ፈትተው ወደ ኋላ አራቁ። ከዚያም 25 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውን አዲስ ጥብጣብ አገቡ፤ ጥርሶቹ ወደ ሠራተኛው፣ ጫፋቸውም ወደ ታች መመልከት አለበት። ወደ ላይ ከተመለከተ ጥብጣቡ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጧል ማለት ነውና መልሶ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ጥብጣቡን ጥቂት ከወጠሩ በኋላ የላይኛውን መንኰራኩር በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። በላይኛው መንኰራኩር ጀርባ መንኰራኩሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዘነብል ቡሎን አለ። በእርሱ ጥብጣቡ በላስቲኩ ላይ ቦታውን ሳይለቅ እስኪሄድ ድረስ በሩብ በሩብ ዙር እየጠመዘዙ አስተካከሉ። ቀጥሎ ውጥረቱን ጨመሩ። የውጥረቱ መመዘኛ በመሣሪያው ላይ ቢኖርም ሞላው በዕድሜ ስለሚደክም እርሱን ብቻ አያምኑም። የላይኛውን መያዣ ከጠረጴዛው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ የጥብጣቡን ጎን በጣታቸው በመጠኑ ገፉት። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ልል ነው ማለት ነው። ውጥረት ሲጨመር ጥብጣቡ በመንኰራኩሩ ላይ ቦታውን ሊለውጥ ስለሚችል፣ እንደገና አዙረው አረጋገጡ።

ሦስተኛው ጕዳይ ጠረጴዛው ነው። ስኳድራ በጠረጴዛው ላይ አቁመው ከጥብጣቡ ጎን አስጠጉና በመካከሉ ብርሃን የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን አዩ። ነገር ግን የባለሙያ ዐይን ይህ ብቻ አይበቃውም። አንድ ቁራጭ እንጨት ጥቂት ገባ አድርገው ቆረጡ፤ መጋዙን አቁመው እንጨቱን ገለበጡትና ያው የተቆረጠበት ክፍተት በጥብጣቡ ጀርባ ይገባ እንደሆነ ሞከሩ። ጠረጴዛው ጥቂት እንኳ ያዘነበለ ቢሆን ስሕተቱ ሲገለበጥ እጥፍ ሆኖ ይታያልና አይገባም። የእርሳቸው ያለ ችግር ገባ።

አሁን የመያዣዎቹ ተራ ደረሰ። ባለሙያው ከኪሳቸው አንድ የብር ኖት አውጥተው በጥብጣቡና በጎን መያዣው መካከል አደረጉ፤ መያዣውንም አስጠግተው አሰሩና ኖቱን ሳቡ። በመካከሉ የቀረው ክፍት ቦታ የዚያን ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን፣ ከላይም ከታችም እንዲሁ አደረጉ። መያዣው ከጥርሶቹ ሥር ጥቂት ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ ጥርሶቹን ከነካ በአንድ አፍታ ያደነዝዛቸዋል። የጀርባው ኩሽኔታም ከጥብጣቡ ጀርባ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥብጣቡ ባዶውን ሲሄድ ኩሽኔታው መዞር የለበትም፤ መዞር ያለበት እንጨት ሲገፋ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነ ጥብጣቡ ያለ ሥራ እየተፋተገ ነው ማለት ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። አዲስ ጥብጣብም ቢሆን ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ፍጹም ትይዩ ሆኖ አይሄድም። ስለዚህ ባለሙያው አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ጣውላ ወስደው ከጠርዙ ትይዩ የሆነ መስመር በእርሳስ አሰመሩ። ያለ ምንም ድጋፍ በእጃቸው እየመሩ መስመሩን ተከትለው እስከ እኩሌታው ቆረጡ፤ እዚያ ላይ ጣውላውን ሳያነቃንቁ ይዘው መጋዙን አስቆሙ። ጣውላው በጠረጴዛው ላይ የተኛበት ማዕዘን መጋዙ ራሱ የወደደው መንገድ ነው። በጣውላው ጠርዝ በኩል በጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመሩና፣ ጣውላው ተደግፎ የሚሄድበትን መሪ በዚያው መስመር አቁመው አሰሩት። ትናንት ወጣቱ መሪውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጎ ነበር። መጋዙ ወደ አንድ ጎን፣ መሪው ወደ ሌላ ጎን ሲጐትቱት ጣውላችን በመካከል ጠፋ።

አቈራረጡ

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ከዚያ በኋላም ወዲያው ዋንዛውን አላቀረቡም። አንድ ውድቅ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ውፍረቱን ከራስ እስከ ግርጌ ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አልበለጠም። ነገር ግን የተቈረጡት ሁለት ግማሾች ጥቂት እንደ ተለያየ ከንፈር ወደ ውጭ ተከፈቱ። ይህ የመጋዙ ጥፋት አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ኃይል ይይዛል፤ ሲሰነጠቅ ያ ኃይል ይለቀቅና እንጨቱ ይጠማዘዛል። የእንጨቱን ጠባይና የመሣሪያውን ጥፋት ለይቶ ማወቅ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው።

በመጨረሻ ዋንዛውን አቀረቡ። አስቀድሞ አንዱ ፊትና አንዱ ጠርዝ በመላጊያ ቀጥ ተደርጎ ነበር፤ ጠማማ ጣውላ በቀጥታ መሪ ላይ ቢደገፍም ጠማማ ሆኖ ይሄዳልና። የላይኛው መያዣ ከጣውላው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ዝቅ አደረጉት። ይህም ጥብጣቡን ከላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ከጥርሱም ለእጅ የተጋለጠውን ያሳንሳል። ከዚያ በኋላ ወጣቱን ጠርተው «ና፣ አንተ ቁረጠው» አሉት።

ወጣቱ «ጋሼ፣ እኔ?» ብሎ ወደ ኋላ አለ። «አዎን አንተ። ትናንት ያጠፋኸውን ዛሬ አንተው ታያለህ» አሉት። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ከትቢያ ሸፍኖ፣ ጓንቱን አውልቆ ቆመ። ጓንት ከጥርስ ያድናል የሚል ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥርሱ የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል። ጣውላውን ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥም ገፋ። የመጨረሻውን ስንዝር በእጁ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት አሳለፈው። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዐይነት ነበር። በአምስት ደቂቃ ያህል ተፈጸመ።

ሁለቱ ግማሾች ሲከፈቱ፣ ቡናማው የዋንዛ መልክ በግራም በቀኝም እንደ ተዘረጋ ክንፍ ታየ። ባለሙያው ውፍረቱን በአራት ቦታ ለክተው ምንም ሳይናገሩ ለወጣቱ ሰጡት። እርሱም ለክቶ ፈገግ አለ። ከመሄዳችን በፊት ወጣቱ ሳይታዘዝ የጥብጣቡን ውጥረት አላላ። ከሥራ በኋላ ተወጥሮ የሚያድር ጥብጣብ ራሱም ይደክማል፣ የመንኰራኩሩን ላስቲክና ሞላውንም ያደክማልና።

አራት በሮች ይወጣሉ ብለን የጀመርነው ቁም ሣጥን ሁለት በሮች ብቻ ኖሩት። ከተበላሸው ጣውላ የተረፈውን ባለሙያው ለመሳቢያ ፊት አድርገው ሠሩልን። እናታችን በሩን በእጃቸው ዳብሰው «ይህ ከጓሮው በኩል የነበረው ወገን ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅናቸውም።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ተሳስቶ የተቈረጠ ጣውላ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ውድ እንጨት ይዞ ወደ ሥራ ቤት የሚሄድ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ጥብጣቡ አዲስ ነው ወይ? በውድቅ እንጨት ሞክራችኋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። በሥራው ላይ ያሉትም ወጣቶች መጋዙን ከመውቀሳቸው በፊት መሰኪያውን ነቅለው መሸፈኛውን ቢከፍቱ፣ ጥፋቱን እዚያው ያገኙታል። አንድ ሰዓት ተኩል ብዙ ጊዜ ይመስላል፤ ዋንዛ ለማደግ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም።